አቶ አውቃለሁ እና የማለዳ ሞተሩ

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። ሐይቁ ዳር የሚውል ሰው ግን፣ ከዓሣ ሻጯ እስከ መረብ ጠጋኙ፣ ያንን ስም ከረሳው ቆይቷል። «አቶ አውቃለሁ» ነው የሚሉት። «ዝናብ ሊመጣ ነው» ቢሉት «አውቃለሁ» ይላል። «ሹራብህን ገልብጠህ ነው የለበስከው» ቢሉት «አውቃለሁ» ይልና፣ ሆን ብሎ የገለበጠው እንዲመስል ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ይውላል። አንድ ቀን ከጀልባው ጠርዝ ተንሸራቶ ውሃ ገባና፣ ዳር የቆመ ዓሣ አጥማጅ «ወደቅህ እኮ» ቢለው፣ ጭንቅላቱ ብቅ እንዳለ፣ የጠጣውን ውሃ ሳይተፋ «አውቃለሁ» አለ ይባላል። ይህቺኛዋን ሰው ፈጥሯት ይሆናል። ሰው ግን ሲፈጥር ከሜዳ ተነሥቶ አይፈጥርም።

እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል፤ እዚያ ሹመት ይሰጡታል። ይህኛውን ዕጣው ጀልባ ላይ ጣለው።

ጀልባዋ የእንጨት ናት፤ ሰማያዊ ቀለሟ እንደ አሮጌ ግድግዳ የሚላላጥ። ከፊት መሪው አለ፤ ከመሪው በስተቀኝ የማስነሻው ቁልፍ፣ ከቁልፉ ሥር ደግሞ ጥቁር እጀታ ያለው የቾክ መጎተቻ። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ክዳን ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ። መንገደኞች መካከል ላይ በሁለት ረድፍ ይቀመጣሉ። በሞተሩ ሣጥን ላይ ደግሞ ሚስቱ ትቀመጥ ነበር። ገመድ የምትፈታው እሷ፣ አሮጊት ደግፋ የምታሳፍረው እሷ፣ የሚያለቅስ ሕፃን የምታባብለው እሷ። እሱ ፊቱን ለውሃው፣ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ይነዳል። «ካፒቴን አንገቱን አያዞርም» የሚል መመሪያ ነበረው። መመሪያውን ያወጣው ራሱ፣ ያጸደቀው ራሱ፣ የሚተዳደርበትም እሱ ብቻ ነው።

የጠዋት ሥርዓታቸው አንድ ነበር። እሷ የሣጥኑን ክዳን ትከፍታለች፤ ውስጥ የታመቀ የቤንዚን ትነት እሳት እንዳያስነሣ ይውጣ ብሎ ያዘዛት እሱ ነው። እሱ ከፊት ሆኖ ቾኩን ይስባል፤ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ አንዴ ያጓራና ይነሣል።

«ተነሣ» ትላለች ከኋላ።

«አውቃለሁ» ይላል ከፊት።

ሞተሩ ሲሞቅ የቾኩን መጎተቻ ይመልሳል፤ ከኋላ ክዳኑ ድው ብሎ ሲዘጋ ይሰማዋል፤ ይሄዳሉ። ለዓመታት የኖረ ነገር ተፈጥሮ ይመስላል። ፀሐይን ማን ያወጣታል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ ሴት ልጃቸው ወለደች። ልጅቱ የምትኖረው በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ በሚያስኬድ ከተማ ነው። እናት «እስክትጠነክር ነው» ብላ ሄደች። ልጅቱ ጠነከረች፤ ሕፃኑም ጠነከረ፤ እናት ግን አልመጣችም። ጠብ አልነበረም። ጠብ ቢሆንማ አስታራቂ ይገኝለት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ወሬው እየተቆረጠበት የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጠው ቤት ቢያገኝ፣ ከዚያ ቤት ለመውጣት እግሩ ይከብደዋል። ይህ ወንጀል ተብሎ የትም አልተጻፈም።

የባልና የሚስቱ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ከበሩ ጀርባ ሁለት መስቀያ አለ፤ በአንደኛው የእሱ ካፖርት፣ በሌላው ምንም። አንድ ቀን ባዶው እንዳይከፋው ባርኔጣውን ሰቀለበት። ትንሽ አየት አደረገውና መልሶ አወረደው። አልጋው ላይ የሚተኛው እንደ ድሮው በግድግዳው በኩል ነው፤ ስለዚህ ጠዋት የሚያነጥፈው ግማሹን ብቻ ነው። ይህንን ቁጠባ ይለዋል። ራዲዮኑን ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋውም። ራዲዮኑ «ነገ አየሩ ቀዝቃዛ ይሆናል» ሲል «አውቃለሁ» ይለዋል። ራዲዮን አይቀየምም፤ ወሬውን ይቀጥላል። ራዲዮን ከሰው የሚሻልበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ የማይሻልበትም ይኸው።

እሷ ስትሄድ ሙቀት ነበር። በሙቀት ደግሞ ሞተሩ ቾክ አይጠይቅም፤ ቁልፍ ሲነካው ይነሣል። ስለዚህ የእሷን መሄድና የሞተሩን ጠባይ የሚያገናኝበት ምክንያት አልነበረውም። ብርዱ ሲገባ፣ ጉሙ ሐይቁ ላይ ተኝቶ አልነሣ ሲል፣ አንድ ጠዋት ቾኩን ሳበና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ «ኧሁ ኧሁ» ብሎ ጠፋ። ደገመው። ተነሣ፣ ተንገዳገደ፣ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በካርቡራተሩ አፍ ጧ ብሎ አየር ተፋና ጠፋ። ብዙ ከተለማመጠው በኋላ ነው የተነሣው። አንዴ ከሞቀ ግን እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ከሰዓት በኋላማ ገና ቁልፉን ሲያይ የሚነሣ ይመስላል። ሕመሙ የማለዳ ብቻ ነው።

አቶ አውቃለሁ ሞኝ አይደለም። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ብልጭታ የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈታ፤ ጫፋቸውን በጣቱ ዳበሰ። ርሰው ቢያገኛቸው ቤንዚን በዝቶበታል ይል ነበር። ደረቅ ናቸው። «ቤንዚን አልደረሳቸውም» አለ፤ ልክ ነበር። ስለዚህ ቤንዚኑን ከጋኑ ጀምሮ እንደ ሌባ ዱካ ተከተለው። በጠርሙስ ቀድቶ ውሃ ይዘቅጥ እንደሆነ ጠበቀ፤ አልዘቀጠም። ማጣሪያውን ቀየረ። ቱቦውን እየጨመቀ ስንጥቅ ፈለገ። ካርቡራተሩን ከተሰካበት ሳያወርድ የሥሩን ኩባያ ፈታ፤ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች በአፉ ነፋ፤ ቤንዚኑን የምትመጥነውን ትንሿን የነሐስ ቁራጭ አውጥቶ ወደ ሰማይ አነሣትና በቀዳዳዋ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። ሰማይ ታየው። ቤንዚን እንዳያፈስ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብቶ መልሶ ገጠመ። በማግስቱ ማለዳ «ኧሁ ኧሁ»። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ቾኩንስ? ቾክ ማለት ሞተሩ ሲበርደው የአየሩን መግቢያ ጠበብ አድርጎ ቤንዚኑን የሚያበዛለት መዝጊያ ነው፤ የማለዳ ሕመም ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም እሱ ነው። ይህንንም ያውቃል። ከፊት ሆኖ መጎተቻውን ሳበው፤ ወጣ። ገፋው፤ ገባ። «ይሠራል» ብሎ አለፈው። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ስላየ ብቻ መሥሪያ ቤቱ ሥራ ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው እንዲህ ነው።

የወደቡ ሜካኒክ አንድ ቀን እጁን በቡቱቶ እየጠረገ መጥቶ ጀልባዋ አጠገብ ቆመ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ስታዞር ከኋላ ሆኖ የሚያይልህ አለ?»

«ለምን?»

«አንተ ፊት ነህ፤ በሽታው ኋላ ነው። አንዱ ያዙር፣ አንዱ ይይ። በአንድ እጅ አይጨበጨብም።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ልቁምልህ?»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ።»

ሜካኒኩ ቡቱቶውን ኪሱ ከቶ ሄደ። እውነቱን ነበር፤ ሰው መጥራት ያስፈልግ ነበር። ሰው ለመጥራት ግን «አላውቅም» የምትባል ቃል ታስፈልጋለች፤ እሷ ደግሞ ከዚህ ሰው የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የጎደለች ቁልፍ ናት።

የማለዳው መንገደኞች መጀመሪያ ታገሡት። ማዶ ባለው ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ አለች፤ ዳቦ ጋጋሪ አለ፤ የመጋዘን ጠባቂ አለ። ሁሉም አንገታቸውን በካፖርታቸው ውስጥ ቀብረው፣ አፋቸው እየጨሰ ይቀመጣሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ ሞተር የሳንባ ምች ነው የያዘው» አለች ነርሷ አንድ ቀን። «እኛ ጋ አልጋ ይያዝለት።»

«አውቃለሁ» አለ ቁልፉን እያዞረ።

«ካወቅህማ መርፌውን ውጋው» አለ ጋጋሪው። «እኔ ሊጤ ኩፍ ብሎ ከዕቃው ሊወጣ ነው።»

ኧሁ ኧሁ።

«እትዬ ካልመጣች አልነሣም ብሎ እንደሆነስ?» አለች ነርሷ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ።

«ሞተር ሰው አይናፍቅም» አለ አቶ አውቃለሁ፣ አንገቱን ሳያዞር።

«አንተስ?» አለች ከኋላው።

ቁልፉን አዞረ።

በዚህ መካከል የጀልባ ነጂዎች ማኅበር ሊቀመንበር እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በእንጨቱ መሳፈሪያ ላይ ሲንጎራደድ መጣ። ሊቀመንበሩ ራሱ አረንጓዴ ጀልባ አለው፤ ተራውም ከአቶ አውቃለሁ ቀጥሎ ነው። ሰውየው «ደህና አደራችሁ» ለማለት እንኳ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ የሚያስፈልገው ዓይነት ነው።

«ወንድሜ፣ እኔ በግሌ ካንተ ጎን ነኝ። ነገር ግን የሰፊው መንገደኛ ጥቅም የሚባል ነገር አለ። ኮሚቴው ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ መርምሮ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ሰኞ ማለዳ ሞተርህ በሰዓቱ ካልተነሣ የማለዳው ተራ ይዛወራል።»

«ለማን?»

«በተራው ለሚከተለው።»

«የሚከተለው አንተ ነህ።»

«የአጋጣሚ ነገር ነው» አለ ሊቀመንበሩ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የማለዳው ተራ ለአቶ አውቃለሁ ምን እንደሆነ ለኮሚቴ ማስረዳት አይቻልም። በቀን የሚሳፈረው ሰው ገበያተኛ ነው፤ ዕቃውን ይቆጥራል፣ ይወርዳል፣ ይሄዳል። ጀልባውን እንጂ ነጂውን አያይም። «እንዴት አደርክ» የሚሉት የማለዳዎቹ ናቸው። የሚቀልዱበትም እነሱ ናቸው፤ የሚቀለድበት ሰው ቢያንስ አለ ማለት ነው። ያቺን ተራ ከወሰዱበት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቅጽል ስሙን እንኳ የሚጠራው ሳይኖር ሊውል ነው። ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ራዲዮኑ ነው።

እሑድ ሚስቱ ደወለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስልኩን አንሥቶ የአልጋው ጠርዝ ላይ፣ እሷ ትተኛበት በነበረው በኩል ተቀመጠ።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና።»

«ሕፃኑ ጥርስ አወጣ።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት አወቅህ? ዛሬ ጠዋት ነው ያየነው።»

«በዚህ ዕድሜው ምን ሊያወጣ ነው፣ ቀንድ?»

ከጀርባዋ ሳህን ሲጋጭ፣ ልጃቸው ስትስቅ፣ አንድ በር ሲዘጋ ይሰማል፤ ሰው ያለበት ቤት ድምፅ።

«እዚያ ብርዱ ገብቷል አይደል?»

«ገብቷል።»

«ሞተሩስ?»

«ምን ይሆናል ብለሽ ነው።»

«በብርዱ ይነሣል?»

«ለምን አይነሣም?»

«አይ፣ እኔ ከሄድኩ ብዬ ነው። ክዳኑን ስትከፍት እኮ፣ ያ . . .»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

መስመሩ ላይ ሕፃኑ አንድ ነገር ተናገረ፤ ቋንቋው ገና አልወጣለትም።

«እሺ» አለች ሚስቱ። «ካወቅህ ጥሩ ነው።» ዘጋች።

ስልኩን ይዞ ቁጭ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚህ በኋላ የራዲዮኑን ድምፅ ነበር ከፍ የሚያደርገው። ዛሬ ግን «ያ» የምትለዋ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀረች። ክዳኑን ስትከፍት እኮ፣ ያ። ያ ምን? በዚህ ዕድሜው፣ የሰው ወሬ ቀሪው ግማሽ ሲናፍቀው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። መልሶ መደወል ይችል ነበር። ጣቱ ቁጥሯ ላይ ደርሶ ተመለሰ። መልሶ ደውሎ «ያ ምን?» ማለት ለእሱ ራቁቱን መንገድ ላይ እንደ መውጣት ነው። ካፖርቱን ለብሶ ወደ ሐይቁ ወረደ።

ወደቡ ጭር ብሏል። ጀልባዋ ላይ ወጥቶ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። በእነዚህ ቀናት ይህንን ክዳን ደጋግሞ ከፍቶታል፤ ግን ሁሌም ከጎን ተንበርክኮ፣ እንደ ሜካኒክ። ዛሬ ሥራ ሊሠራ አልመጣም። ክዳኑ ሲከፈት እሷ ትቀመጥባት በነበረችው፣ ከሣጥኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እዚያ ተቀምጦ አያውቅም። ከዚያ ሲታይ የመሪው ወንበር ሩቅ ነው፤ የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ገባው። ስንት ዓመት ያንን ጀርባ ስታይ ኖረች።

ከክዳኑ በውስጥ በኩል፣ ሚስማር ላይ፣ አንዲት የሱፍ ጓንት ተሰቅላለች። አይቷታል፤ የቅባት መጥረጊያ መስላው እጁንም ጠርጎባታል። አሁን አወረዳት። የቀኝ እጅ ናት፤ ግራዋ የለችም። ሌሎቹ ጣቶቿ ደህና ናቸው። የሌባ ጣቷ ጫፍ ግን ጠቁሯል፤ ተበልቷል፤ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱም ተበልቷል። ወደ አፍንጫው አስጠጋት። ቤንዚን ቤንዚን ትላለች።

እጁን ሊያስገባባት ሞከረ፤ ግማሽ ላይ እምቢ አለችው። እንደዚያው ግማሽ ለብሷት፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ክንዱን ወደ ሞተሩ ዘረጋ። የእሷ ክንድ የሚደርስበት ላይ ሲደርስ የሌባ ጣቱ አንዲት ክብ ቆርቆሮ ላይ አረፈ። የካርቡራተሩ አፍ ላይ ያለችው የቾክ መዝጊያ ናት። ገፋ አደረጋት፤ ተዘጋች። ለቀቃት፤ ተከፈተች።

ተነሣ። ወደ ፊት ሄዶ መጎተቻውን እስከ መጨረሻው ሳበው። እንደተሳበ ትቶት ወደ ኋላ ተመለሰ። መዝጊያዋ እንደሚያዛጋ አፍ ወለል ብላ ተከፍታለች። ሽቦውን ከመዝጊያዋ አጠገብ ያዝ አድርጎ ሳበው፤ ከጎማ ሽፋኑ ውስጥ ያለ ምንም ችግር ስንዝር ያህል ሆኖ ወጣ። ጫፉ ተበጥሷል። ብጣሹ ደግሞ የትናንት አይደለም፤ ዝገቱ ቅርፊት አውጥቷል፤ የዓመታት ዝገት ነው። ከፊት ሆኖ መጎተቻውን በሳበ ቁጥር የሚስበው ሽፋኑ ውስጥ ያለ ጉማጅ ነበር። የጉማጅ ካፒቴን።

መቼ እንደተበጠሰ ለማስታወስ ሞከረ። እንደነገረችው ጠረጠረ፤ ቢያንስ ልትነግረው እንደጀመረች። «አንተ፣ ሽቦው እኮ» ያለችበት አንድ ማለዳ ይኖራል። «አውቃለሁ» ብሏል። የትኛው ማለዳ እንደሆነ ግን ሊለየው አልቻለም፤ ማለዳዎቹ ሁሉ እንደዚያ ነበሩ። ሌላ ሴት ብትሆን ትጮህ ነበር፤ ሌላዋ ሞተሩ ቆሞ እንዲያዋርደው ትተወው ነበር። ይህቺ ጓንት አጠለቀችና ጣቷን ዘረጋች። «ተነሣ» ስትለው ወሬ ማቀበሏ ይመስለው ነበር። የሠራችውን ሥራ ነበር የምትነግረው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አቶ አውቃለሁ የዛገውን ሽቦ ይዞ ባዶው ጀልባ ላይ ብዙ ቆየ። ደግነቱ የሚያየው አልነበረም። ክፋቱም እንደዚያው።

ብስክሌት ጠጋኙ እሑድም አይዘጋም። ከጥቅሉ ረጅም የፍሬን ሽቦ ቆርጦ ሰጠው። «ለምን ፈለግኸው?» ሲለው፣ አቶ አውቃለሁ «ለሞተሩ» አለ ብቻ። ሽቦውን በአዲስ ሽፋን አድርጎ ከመጎተቻው እስከ መዝጊያዋ ዘረጋው፤ በፒንሳ ጨምቆ አሰረው። ፊት ሄዶ ይስባል፤ ኋላ ሄዶ ያያል፤ ፊት ሄዶ ይገፋል፤ ኋላ ሄዶ ያያል። ለሁለት ሰው የአፍታ ሥራ ነው። እሱ ግን ብቻውን በጀልባዋ ውስጥ ሲመላለስ፣ ከዳር የሚያይ ቢኖር የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ ሰው ይመስለው ነበር።

ሰኞ ማለዳ ጉሙ ከመሳፈሪያው እንጨት ጋር ተጣብቋል። ነርሷ፣ ጋጋሪውና ጠባቂው ተሳፍረዋል። ሊቀመንበሩ በአረንጓዴ ጀልባው ላይ ቆሞ፣ ገመዱን ቀድሞ ፈትቶ ይዟል፤ ፊቱ ላይ ለሐዘን የተዘጋጀ መግለጫ ይነበባል። አቶ አውቃለሁ ክዳኑን ከፍቶ ትነቱ እስኪወጣ ጠበቀ። ወደ ፊት ሄደ። ቾኩን ሳበ። ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ አንዴ አጓርቶ ተነሣ።

ማንም አላጨበጨበም። ጋጋሪው «እሰይ፣ ሊጤ ተረፈ» አለ። ሊቀመንበሩ «ኮሚቴው በውጤቱ ደስተኛ ነው» አለና የፈታውን ገመድ መልሶ ማሰር ጀመረ። ነጂው ግን ሌላ ነገር ይጠብቅ ነበር፤ ከኋላ የሚመጣ አንድ ቃል። አልመጣም። ያኔ የራሱን መመሪያ ራሱ ሻረና አንገቱን አዞረ። ነርሷ ክዳኑን ዘግታ ሣጥኑ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ምነው ጋሼ?» አለችው።

«ምንም።»

ጉሙን እየቀደደ ነዳ። ሞተሩ እንዲህ አምሮበት አያውቅም፤ ድምፁ ወፍሮ፣ ረግቶ፣ ሰው የማይፈልግ ድምፅ ሆኖ። ተራው ተርፎለታል። ነገም ከነገ ወዲያም ብቻውን ያስነሣዋል፤ ብርድ አይበግረው፣ ጣት አያስፈልገው። እሷ ዳግመኛ ባትመጣ እንኳ ጀልባዋ ትሄዳለች። እሱን አንጀቱን የቆረጠው ይኼኛው ነው።

ማዶ ሲደርሱ ነርሷ ስትወርድ «እትዬ መጣች እንዴ?» አለችው።

«አልመጣችም።»

«ሞተሩ የመጣች ነው ያስመሰለው» ብላ ሄደች።

ተመላሾቹ መንገደኞች ገና እየተሰበሰቡ ነው። ሞተሩን አጠፋው፤ ድምፁ በስልክ እንዳይሰማበት ነው። ከኋላ የእሷ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ደወለ።

«ሃሎ? ምን ሆንክ?» አለች። እሱ ደውሎ አያውቅም። «ሰው ሞተ?»

«ሰው አልሞተም።» ጓንቷን በእጁ ይዟል። «ሞተሩ በብርድ አልነሣ አለኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

የራሱ ቃል ከሌላ ሰው አፍ ወጥታ ስትመጣበት ምን እንደምትመስል ያን ጊዜ ሰማት፤ አፍንጫ ላይ የሚዘጋ በር ናት። በሩ ፊት ቆመ። አንኳኳ።

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

እየጠበቀች ነበር፤ ወሬዋ እንደ ወትሮው መቆረጡን።

«የቾኩ ሽቦ ተበጥሷል» አለች ቀስ ብላ። «ከድሮ ጀምሮ።»

ከፊቱ አዲሱ ሽቦ በጠዋቱ ብርሃን ያብረቀርቃል።

«እህ» አለ።

«ሽፋኑ ውስጥ ነው የተበጠሰው፤ ላይ ላዩን ብታየው አይታወቅም። ክዳኑን ስትከፍት ካርቡራተሩ አፍ ላይ ክብ መዝጊያ አለች።» ቆም አለች። እሱ አልቆረጣትም። ድምፅዋ ትንሽ በትንሽ መንገዱን እያገኘ ሄደ። «ብርዱ ሲከፋ እስከ መጨረሻው ትዘጋታለህ፤ ሲሻል ግማሽ። ሞተሩ እንደተነሣ እንዳትለቃት፤ ይቀየማል። ድምፁ ሲወፍር ቀስ እያልክ ነው የምትለቃት። ባዶ እጅህን ደግሞ አፉ ላይ አታቅርብ፤ አንዳንዴ ይተፋል። እኔን አንድ ጊዜ ተፍቶብኝ ጥፍሬ ወልቋል። ያኔ በጨርቅ ጠቅልዬው አይተህ የለ?»

አይቷል። «በር ነው የዘጋብሽ» ብሏት፣ መልሷን ሳይጠብቅ አልፎ ነበር። ሌላውን ሁሉ ከትናንት ጀምሮ ያውቀዋል። ይህንን ግን አያውቅም ነበር።

«በጣም አሞሽ ነበር?» አለ።

እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋት አያውቅም። «አሞኝ ነበር» አለች። ከዚያ እንደ መቻኮል አለች፤ «ለማንኛውም ጣት ከሚያስፈልግህ ሽቦ ቀይርለት። ሽቦ ካለው ከኋላ ሰው አያስፈልግህም። የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይሆነዋል።»

አቶ አውቃለሁ አዲሱን ሽቦ አየው። በዕድሜው ብዙ ዋሽቷል፤ ሁሉም ውሸት ግን ትልቅ የሚያደርገው ነበር።

«ይገኝ ይሆን?» አለ።

«መገኘቱንስ ይገኛል።»

«እንጃ።»

ይህቺን ቃል ከእሱ ሰምታ አታውቅም። ከዳር ቅርጫት የተሸከመ ሰው «ጋሼ፣ አንሄድም እንዴ?» ብሎ ተጣራ። አቶ አውቃለሁ ጓንቷን የያዘበትን እጁን አንሥቶ ቆይ አለው። እመጣለሁ አላለችም። ነይም አላላትም፤ ለዚያ የሚሆን አፍ ገና አልነበረውም። መስመሩን ግን አልዘጋችም።

«ያ ሕፃን» አለ፣ «ጥርስ አወጣ ያልሽው።»

«እ?»

«የትኛውን ነው? የላዩን ነው የታቹን?»